የወንዙ ጥሪ በሞንታርቦ

ባለፈው የገበያ ቀን አስፋልቱ ዳር ማንጎዬን ደርድሬ በተቀመጥኩበት አንዲት ልጅ መጥታ ከፊቴ ቁጢጥ አለች። የምትገዛ መስሎኝ ትልልቆቹን ወደ እሷ ገፋ አደረግኩላት። እሷ ግን ስልኳን አውጥታ "እስቲ ይሄን ስሚልኝ፤ ድምፁ ያንቺ ነው አሉኝ" አለችና ከፈተችው። መጀመሪያ ከበሮ መጣ፣ ከዚያ የልጃገረዶች ጭብጨባ። ከዚያ ቃል የሌለው ቀጭን ድምፅ ወጣ፤ ሦስት ጊዜ ረዝሞ ተሳበና መጨረሻው ላይ ቁልቁል ወረደ። ሳላስበው ብድግ ብዬ ወደ ወንዙ ዞርኩ። ልጅቷ ሳቀች። በዙሪያችን ሽንኩርት የሚጭን፣ ባጃጅ የሚጠብቅ ብዙ ሰው ነበር፤ ከመካከላቸው የወንዝ ዳር ሰዎችም አሉ። አንዲት ሴት ብቻ ቀና ብላ ስልኩን አየችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ልጅቷ የባህል ባለሙያ ናት፤ በዕድሜ ከእኔ አትበልጥም። አዲሱ የባህል አዳራሽ በክረምቱ መሀል ሊመረቅ ነው አለችኝ፤ ለኪነት በጀት ተይዟል፤ የድሮው ቡድን ይሰባሰባል። መክፈቻው የእኔ ድምፅ ይሆናል። ከምርቃቱ በፊት ደግሞ መኪና በየቀኑ ሞንታርቦ ጭኖ ይህንኑ እየከፈተ በየሰፈሩ ያስተዋውቃል። "አስቢበት፣ ነገ እመለሳለሁ" አለችኝና አንድ ኪሎ ማንጎ ገዝታ ሄደች። አሁን ወንዙ ዳር ቆሜ ጎርፍ ሲመጣ ታች ላለው ሰው የምጠራው እኔ ነኝ፤ ያ ድምፅም በከተማው ሁሉ እንደ ማስታወቂያ ከተከፈተ የእኔን ጥሪ የሚያምን ሰው እንደማይኖር አውቃለሁ። የማውቀው አንድ ጊዜ ስላየሁት ነው።

ድምፁ የተቀዳው አሥራ አምስት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ ነው። ያኔ ባጃጅ በከተማችን ገና ብርቅ ነበር። ከመናኸሪያው እስከ ድልድዩ በአንድ ብር ያደርሱ ነበር፤ እኛ ግን በእግራችን ሄደን ብሩን ለለስላሳ እናጠራቅመዋለን። ጠርሙሱን መመለስ ስላለብን ሱቁ በር ላይ ቆመን ነው የምንጠጣው፤ ቶሎ እንዳያልቅብን በትንሽ በትንሹ። ከድልድዩ ማዶ ራዲዮና ቴፕ የሚጠግን ሰው ነበር። የጠገነው መሥራቱን ለማሳየት ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ ቀኑን ሙሉ ይከፍተዋል። የማውቀውን ዘፈን ሁሉ የተማርኩት ሽንኩርት የተጫነች አህያ እየነዳሁ እዚያ ጥግ ላይ ስቆም ነው፤ በኋላማ አህያዋ ራሷ ለምዳ ትቆም ጀመር። የምንለብሰው ረዥም የጀርሲ ቀሚስ ነበር፤ ራሳችን ላይ ጫፉ በሚያብረቀርቅ ዶቃ የተዘመዘመ ጥቁር ሻሽ፣ እግራችን ላይ ኮንጎ ጫማ። ሙቀቱ ሲበረታ ጫማው እግር ላይ ተጣብቆ በግድ ነበር የሚወልቀው። ያ ጥግ በኋላ የሞባይል ካርድ መሸጫ ሆነ፤ አሁን ደግሞ ካርድ የሚገዛም ጠፍቶ በሩ ተዘግቷል።

ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወንዙ ከተራራው እግር ወጥቶ ሜዳውን በሚይዝበት ቦታ ነው። ከእኛ በታች ማሳ በማሳ ነው፤ ሽንኩርት፣ ማሾ፣ ትምባሆ፣ ከፍ ባለው መሬት ላይ ማሽላ። በበጋ ወንዙ በድንጋይ መሀል የምትሽሎከሎክ ቀጭን ውሃ ስለሆነች ሰው ውስጧ ይውላል። ልብስ ያጥባል፣ አሸዋ ይጭናል፣ የመስኖ ፓምፕ ይተክላል። ክረምት ሲገባ ግን እኛ ዘንድ ጠብታ ሳይወርድ፣ ፀሐይ አናት እየበሳ፣ ላይ ደጋው ላይ፣ ጣርማ በር፣ ዝናብ ይጥላል። ከዚያ ውሃው ይመጣል። ደራሽ እንለዋለን። ግንድ ይዞ፣ ድንጋይ እያንከባለለ፣ የሰው ቁመት ሆኖ ነው የሚመጣው። ታች ያለ ሰው የውሃውን ድምፅ ከሰማ በኋላ ለመሸሽ ጊዜ የለውም። ስለዚህ ላይ ያለ ሰው ይጠራለታል።

ያኔ ጠሪዋ ያሳደገችኝ አክስቴ እትዬ ዘሃራ ነበረች። ከእሷ በፊት እናቷ ነበረች። እትዬ ዘሃራ ውሃው ሳይታይ ታውቀዋለች፤ አረፋና ጭራሮ ሲመጣ፣ የርጥብ አፈር ሽታ ሲሸታት ከቤቱ ጀርባ ካለው ቋጥኝ ላይ ትወጣና ፊቷን ወደ ታች አዙራ ትጠራለች። ሦስት ረዥም፣ መጨረሻው ቁልቁል። ቃል የለውም፤ ቃል ሩቅ ሳይደርስ ይበታተናል ትል ነበር። የሰማው ሁሉ ከመሮጡ በፊት እሱም ዞሮ ከበታቹ ላለው ይጠራል። እንዲህ እየተቀባበሉት እስከ ታችኛው ድልድይ ይደርሳል። በጨዋታ አይጠራም፣ ከብት ለመመለስ አይጠራም፣ በሠርግ አይጠራም። በከንቱ የጠራ ሰው በየማሳው እየዞረ "አፉ በሉኝ" ብሎ ይቅርታ መጠየቅ አለበት፤ ትንሽ ልጅ ከሆነ እናቱ እጁን ይዛ ታዞረዋለች።

ጋሼ ተሾመ ወደ ሰፈራችን የመጡት በዚያን ጊዜ ነው። የባህል ባለሙያ ነበሩ፤ ቀጭን ሰው፣ በዚያ ሙቀት ክራቫታቸውን የማይፈቱ። ሰው ይወዳቸው ነበር፤ እኔም እወዳቸው ነበር። ከበሮ አመጡልን፣ ለሁላችንም አንድ ዓይነት ቀሚስ አሰፉልን፣ ያረጀውን የእህል መጋዘን አስጠርገው፣ ቆርቆሮውን አስቀይረው አዳራሽ አደረጉት። ከዚያ በፊት ከመንግሥት ወደ እኛ የሚመጣው ማዳበሪያና ስብሰባ ነበር። ቀሚሱ የመጣ ቀን እናቶች ሁሉ እየዳሰሱት ጨርቁ የስንት ብር እንደሆነ ተከራከሩ። አንዷ "ለልጄ ኒካህ ይሆናታል" ብላ ልትደብቀው ስትል ጋሼ ተሾመ እየሳቁ ከእጇ ወሰዱት።

ለቡድኑ ሲመርጡን ልጆቹ በተራ እየቆሙ ዘፈኑ። የእኔ ተራ ሲደርስ መሬት መሬት አየሁ። እኔ ሰው ፊት መናገር ያቅተኛል፤ ትምህርት ቤት ስሜ ሲጠራ አቤት ለማለት እንኳ እጨነቅ ነበር።

"የምታውቂውን፣ ምንም ይሁን" አሉኝ ጋሼ ተሾመ።

"ዘፈን አላውቅም ጋሼ።"

"ዓይንሽን ጨፍኚና ከቤታችሁ የምትሰሚውን አውጪው።"

ጨፈንኩ። ከቤታችን የምሰማው ነገር አንድ ነበር። በቀስታ ነው ያወጣሁት፤ ከአዳራሹ አይወጣም ብዬ። ዓይኔን ስገልጥ ሁለት ልጆች በሩ ጋ ደርሰዋል። ጋሼ ተሾመ ብዕራቸውን እንደያዙ ቀርተዋል።

"ይሄ የማን ዜማ ነው?"

"የማንም አይደለም። የውሃ ነው።"

ቤት ስገባ እትዬ ዘሃራ ማሾ እየለቀመች ነበር። ቀና አላለችም።

"ለማን ነው የጠራሽው ሰዓዳ?"

"ልምምድ ነው እትዬ፤ በቀስታ ነው።"

"በቀስታ የሚመጣ ደራሽ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

ጋሼ ተሾመ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው ለመኑ። ቅርስ ነው አሉ፤ ካልተቀዳ ከእትዬ ዘሃራ ጋር አብሮ ይቀበራል፤ በዞን ውድድር ላይ ከቀረበ ግን ሰፈራችን ይታወቃል፣ ይደገፋል። እትዬ ዘሃራ "እኔ ስሞት ሰዓዳ ትጠራለች። የጠሪ ችግር የለብንም ጌታው፤ እኔ የምፈራው ለሰሚው ነው" አለች። ሽማግሌዎቹ አዳራሹን አዩ፣ አዲሱን ቆርቆሮ አዩ። ያኔ እንድሪስ ከጎን ሆኖ "እትዬ፣ ተያት እንጂ። ውሃውም አንድ ቀን ተጨብጭቦለት ይምጣ" አለና ሰውን ሁሉ አሳቀ። እንድሪስ ከእኛ ሦስት ማሳ ዝቅ ብሎ ሽንኩርት የሚያለማ፣ ሁለት ልጆች የወለደ፣ አፈኛ ጎረቤታችን ነበር። ያኔ ጋሼ እለው ነበር፤ አሁን እሱ የነበረበት ዕድሜ ላይ ስለደረስኩ በስሙ ነው የማስበው። እትዬ ዘሃራ ከሳቀው ሰው መሀል ተነስታ ነጠላዋን አራግፋ ወጣች። እሺም እምቢም አላለችም።

ልምምዱ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ሆነ። ሞንታርቦው በአህያ ጋሪ መጣ፤ ጥቁር፣ የእኔን ቁመት የሚያክል። መጀመሪያ ማይክ ይዤ የጠራሁ ቀን ወንዝ ውስጥ የነበረው ሰው በሙሉ ወደ ዳገቱ ሮጠ። እንድሪስ ፓምፑን ጀርባው ላይ አዝሎ፣ ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ አዳራሹ በር ላይ ደረሰ። በአንድ ዓይነት ቀሚስ ተሰልፈን ሲያየን ፓምፑን አስቀምጦ ቁጭ አለ። "ኧረ ልጆች፣ ቆንጆዎች ናችሁ፤ በቀጣዩ ግን ፓምፑን የሚሸከምልኝ ሰው ላኩ" አለ። በሁለተኛው ቀን ግማሹ ሰው ሮጠ። በሦስተኛው ቀና ቀና ብለው አዩና ተመለሱ። ከዚያ በኋላ እንድሪስ በአዳራሹ ሲያልፍ "አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ውሃው የመጣው ለየትኛው ባለሥልጣን ነው?" ይለኝ ነበር፤ እኔም በሻሼ አፌን ሸፍኜ እስቅ ነበር። እንዳይጠራጠሩ ተብሎ ማስታወቂያ በጽሑፍ ተለጠፈ፤ ማንበብ ለማይችለውም በቤተ እምነቱ ደጅ ተነገረ። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት የሚሰማው ልምምድ ነው፤ በሌላ ቀን የሚሰማው እውነተኛው ነው። ሁሉም ሰው ይሄ ጥሩ መላ ነው አለ። እኔም ጥሩ ነው ብዬ ነበር።

ለውድድሩ በአውቶቡስ ወደ ደጋ ወጣን። ከቆላ ወጥቼ አላውቅም ነበር። ጣርማ በር ስንደርስ ብርዱ በስስ ቀሚሳችን ገባ፤ ልጆቹ ተቃቅፈው እየዘፈኑ የመኪና መንገዱን ዋሻ ሲያልፉ እኔ መስኮቱን በእጄ እየጠረግኩ ወደ ውጭ አይ ነበር። ጉሙ መሬቱ ላይ ተኝቷል። በየገደሉ ላይ ክር የሚያህል ውሃ ይወርዳል፤ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ፣ ሁሉም ወደ አንድ ሸለቆ። ደራሹ ከየት እንደሚመጣ ያን ቀን በዓይኔ አየሁ። እዚያ ላይ ሲያዩት የሚያስፈራ ነገር የለውም። ሁለተኛ ወጣን፤ ሰርተፊኬት ተሰጠን፤ ድምፄ በሦስት ቅጂ ተቀድቶ ለሚመለከተው ክፍል ሁሉ ተላከ። ስንመለስ ሰፈሩ በእልልታ ተቀበለን። ጋሼ ተሾመ ለክልል ውድድር ተመርጠናል፣ ልምምዱ ይጠናከር አሉ።

ሐሙስ ነበር። ፀሐዩ ከባድ ነበር፤ አዳራሹ ውስጥ ቆርቆሮው ይንጣጣል። ከበሮው ተመታ፣ ልጆቹ አጨበጨቡ፣ የመጀመሪያውን ጥሪ ጠራሁ። ትንፋሽ ለመውሰድ ሳቆም ከውጭ፣ ከላይ በኩል፣ የእትዬ ዘሃራን ድምፅ ሰማሁ። ሦስት ረዥም፣ መጨረሻው ቁልቁል። የእሷን ድምፅ ከሺህ ሰው መሀል እለየዋለሁ። እሷ ደግሞ በልምምድ ቀን ቀርቶ በሞቷ ቀን እንኳ በከንቱ አትጠራም። አፌን ከማይኩ አራቅኩ። ከበሮ መቺዋ ቆመች። ሃያ ሰው ያየኝ ነበር።

"ምነው?" አሉኝ ጋሼ ተሾመ።

አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። ምላሴ ላይ ነበር። ሁሉም እያዩኝ ስለሆነ፣ ተሳስቼ ከሆነ ይስቁብኛል ብዬ፣ "ምንም" አልኩ።

"በርቺ፣ ቀጥዪ።"

ቀጠልኩ። ሁለተኛውን ጠራሁ፤ ሞንታርቦው ተቀብሎ ከእትዬ ዘሃራ ድምፅ በላይ አድርጎ ወደ ታች ላከው። ሦስተኛውን ስጀምር ወለሉ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ድንጋዮቹ ነበሩ፣ ወንዙ ውስጥ እየተንከባለሉ።

ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች የውሃውን ሽታ አውቀው ወጡ። አሸዋ ጫኞቹ አህያ ጠፋባቸው እንጂ ተረፉ። እንድሪስ ፓምፑን ከነሞተሩ ፈቶ ወንዙ መሀል ቁጭ ብሎ ይጠግን ነበር። ማዶ የነበረ ሰው በኋላ እንደነገረን፣ ጥሪው ሲሰማ እንድሪስ ቀና ብሎ ወደ አዳራሹ አየና ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሳቀ፤ ተመልሶም አጎነበሰ። በሦስተኛው ቀን ከታችኛው ድልድይ በታች፣ ማሽላ ውስጥ አገኙት።

ጋሼ ተሾመ ለቅሶው ላይ መጡ። ክራቫት አላሰሩም። ከድንኳኑ ጫፍ ተቀምጠው ቀኑን ሙሉ ዋሉ፤ ማንም ክፉ ቃል አልተናገራቸውም፤ ያ ሳይብስባቸው አልቀረም። ከወር በኋላ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ። አዳራሹ ተመልሶ መጋዘን ሆነ። እትዬ ዘሃራ ከለቅሶው በኋላ በየማሳው እየዞረች አፉ በሉኝ አለች። የእሷ ጥሪ እውነት ነበር፤ አፉ በሉኝ ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። እኔ በር ዘግቼ ተቀምጬ ነበር። ስትመለስ እግሯን አጠብኩላት። ሰው ጥሪውን እንደገና ለማመን ብዙ ክረምት ፈጀበት። በነዚያ ክረምቶች እትዬ ዘሃራ ከጠራች በኋላ እየሮጠች ወርዳ በእጇ ሰው ትጎትት ነበር፣ ጉልበቷ እስኪከዳት ድረስ። እሷ ካረፈች ወዲህ ቋጥኙ ላይ የምወጣው እኔ ነኝ። ስጠራ ሰው ይሮጣል። ከዚህ ሌላ በሕይወቴ ሠራሁ የምለው ነገር የለኝም።

ባለሙያዋ በማግስቱ ተመልሳ መጣች።

"አሰብሽበት?"

"በክረምት አይሆንም" አልኳት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ ማንጎው ላይ ዓይኔን ተክዬ፣ ለማንም ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም። ስጨርስ ፊቷ ተለውጧል።

"ይሄ ፋይሉ ላይ የለም" አለች።

"ሰርተፊኬቱስ?"

"ሰርተፊኬቱ አለ።" ስልኳን አነሳች። "ግን አሁን እኮ ሰው ሁሉ ሞባይል ይዟል፤ ደውለሽ መንገር ትችያለሽ።"

"ላይ ሲዘንብ ቀድሞ የሚጠፋው ኔትወርኩ ነው።"

"ለኃላፊዬ እነግራለሁ። ቃሌ ነው።"

መንገሯን አልጠራጠርም። ግን ፕሮግራሙ ታትሟል፣ እንግዶች ተጠርተዋል። ከትናንት ወዲያ መኪናዋ መጣች። በአሥራ አምስት ዓመቴ የተቀዳው ድምፄ በአስፋልቱ ላይ፣ በመናኸሪያው፣ በገበያው፣ ከዚያም በወንዙ ዳር መንገድ እየጮኸ አለፈ፤ በየመሀሉ ወንድ ድምፅ ገብቶ የምርቃቱን ቀን ይናገራል። የመጀመሪያ ቀን ሰው ሮጠ። ትናንት ጠዋት ግማሹ ሮጠ። ትናንት ከሰዓት ሁለት ትንንሽ ሴት ልጆች በጥሪው ልክ ገመድ ሲዘሉ አየሁ፤ እናታቸው አጠገባቸው ቆማ ትስቅ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ማንጎውን ትቼ ወደ ታች ወረድኩ። የመጀመሪያው በር የሐዋ ነው፤ የእንድሪስ ሚስት። ደጇ ላይ ቆሜ የሻሼን ጫፍ እጠመዝዝ ጀመር።

"ግቢ እንጂ፤ ዕዳ ልትጠይቂ የመጣሽ ትመስያለሽ" አለች።

"ሐዋ፣ ከዛሬ ጀምሮ ያንን ጥሪ ብትሰሚ የውሃ አይደለም። እኔም አልጠራውም።"

እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ወደ ተራራው አየች፤ ጣርማ በር ላይ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሯል። "ታዲያ በምን እንወቅ?"

"ለዚያ ነው የመጣሁት።"

ፉጨት አልን፤ ነፋስ ይወስደዋል አለች። ቆርቆሮ መምታት አልን፤ ወፍ የሚጠብቁትም ይመቱታል። በመጨረሻ አንድ ነገር አገኘን። ሐዋ ነጠላዋን ደርባ አብራኝ ወጣች፤ ከማሳ ማሳ አብረን ዞርን፣ እስከ ታችኛው ድልድይ። እኔ ስሽኮረመም እሷ ተናገረች፤ እሷ ሲደክማት እኔ ተናገርኩ። ያልሰማ ሰው አልቀረም ብዬ አስባለሁ። እንዳይለመድ ብለን አልሞከርነውም፤ ይድረስ አይድረስ የምናውቀው ውሃው የመጣ ቀን ነው።

የተስማማነው ምን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። ባለሙያዋ መጥታ ብትጠይቀኝም አልነግራትም። ደግ ልጅ ናት፤ ትመዘግበዋለች።